ከመንከስዎ በፊት በአውራ ጣት ይጫኑ

አባቴ ኦሪን ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከልቡ በሮች አንዱ አርጅቶ በደንብ አይከፈትም፣ በደንብም አይዘጋም። ሐኪሙ መቀየር አለበት ሲለው አባቴ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ፍሬውን በእጁ ይዞ እንዲገባ።

ፍሬው የአጋዘን ዓይን የምንለው ዛፍ ፍሬ ነው። እዚህ ኦሃዮ ዛፉ በየወንዙ ዳር አለ። መስከረም ላይ ፍሬውን ያራግፋል፤ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በአንድ ጎኑ ክብ ነጣ ያለ ምልክት ያለው። አይበላም፤ መርዝ ነው። ላም እንኳ ከበላችው እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ሥራው ኪስ ውስጥ መቀመጥ ነው። ለቁርጥማት ይበጃል ይባላል፣ ለዕድልም። በገንዘብ አይገዛም፤ ሰው ነው የሚሰጥህ። ደግሞም ይህን ፍሬ በኪሱ እንደያዘ ሞቶ የተገኘ ሰው የለም ይባላል። ይህን ከልቡ የሚያምን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ፍሬውን ከኪሱ አውጥቶ የሚጥል ሰውም አላጋጠመኝም።

የአባቴን ፍሬ የሰጠችው እናቴ ላቮን ናት፤ ገና ሳይጋቡ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ። ይኸው ሃምሳ ሁለት ዓመት። ሱሪው ሲያልቅ ፍሬዋ ወደ አዲሱ ሱሪ ትዛወራለች። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ፍሬዋ አለች።

እኔ ትዋይላ እባላለሁ። የተማሪዎች አውቶቡስ እነዳለሁ። በየቀኑ አርባ ስምንት ልጆች ከኋላዬ ይጮኻሉ፤ ስለዚህ ትዕግሥቴን ሁሉ እዚያ ጨርሼ ነው ቤት የምገባው። በዚች ፍሬ ምክንያት አባቴን ስቀልድበት ኖሬያለሁ፣ በሰው ፊት ጭምር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ወንድሜ የሚለኝን እንድትረዱልኝ ነው።

የሆስፒታሉ ጋውን ኪስ የለውም። ነርሷ ኬንድራ መጀመሪያ ምንም ነገር ይዞ መግባት አይቻልም አለች። አባቴም እንግዲያው አልገባም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴ ሞኝ አይደለም፣ ግን ኬንድራ ሁለት ቀን ስትለምነው ከረመች። በመጨረሻ ታረቁ። እስከ በሩ ድረስ በእጁ ይይዛታል፤ ከበሩ ወዲያ ኬንድራ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ የአልጋው እግር ላይ በፕላስተር ትለጥፋታለች። ኬንድራ የዚሁ አገር ልጅ ናት። የራሷን ፍሬ ካልሲዋ ውስጥ እንደምትይዝ በኋላ ነው የነገረችኝ።

አሁን በፍሬው ስም ስለሚጠራው፣ መልኩም እሱን ስለሚመስለው ከረሜላ።

የኦቾሎኒ ቅቤና የላም ቅቤ ከዱቄት ስኳር ጋር ይታሻል፤ በመዳፍ ይድቦለቦላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በስቴኪኒ ትወጋውና ቀልጦ የተዘጋጀ ቸኮሌት ውስጥ ትነክረዋለህ። ግን እስከ አናቱ አይነከርም። ከላይ ክብ ቦታ ቸኮሌት ሳይነካው ይቀራል፤ የአጋዘኑ ዓይን እሱ ነው። ስቴኪኒው የተወውን ቀዳዳ በጣትህ ጫፍ ታለሰልሳለህ። እስከ አናቱ የነከረ ሰው ካለ ማንም ፊት ለፊት አይነቅፈውም። ከረሜላውን ይበሉለታል፤ በፍሬው ስም ግን አይጠሩትም።

ብዙ ሰው ሲያድቦለብል ይሰለቸውና የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ይሠራል። እናቴ እንዲህ ያለውን ስታይ ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። የሷ ልክ እንደ ፍሬው ነበር፤ አይበልጥም፣ አያንስም። የኔም እንደሷ ነው። በዚህ እኮራለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ደግሞ ይበልጥ እኮራ ነበር።

ጊዜው ኅዳር መጨረሻ ነው። ከሰሜን ጎረቤቶቻችን ጋር ኳስ የምንጫወትበት ሳምንት። በዚያ ሳምንት ይህን ከረሜላ ሳይዝ ሰው ቤት የሚገባ የለም፤ ሆስፒታልም ያው ቤት ነው። የነርሶቹ ጠረጴዛ በቡድናችን ቀለም፣ በቀይና በግራጫ ወረቀት አጊጧል። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት መቶ ከረሜላ በብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ደረስኩ። ቀዶ ሕክምናው ለአምስት ሰዓት ተቀጥሯል።

አባቴ ከማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ አይፈቀድለትም።

"እስቲ ልያቸው" አለኝ።

ሁለቱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። መነጽሩን አድርጎ አያቸው።

"ዓይናቸው ጥሩ ነው" አለ።

ከአባቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆይቶ ኬንድራ ገባች።

"ትዋይላ፣ እባክሽ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጊልኝ። ባለጎማው አልጋ እዚህ ነው የሚቆመው።"

መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። ጋዜጣውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሦስቱን ከረሜላዎች ቆርቆሮው ውስጥ መልሼ ክዳኑን ገጠምኩና ለኬንድራ ሰጠኋት።

ሦስት። ያወጣሁት ሁለት ነበር። ልጆች ስቆጥር በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ከረሜላ ግን ማን ይቆጥራል? ፍሬዋን ጠዋት ክንዱ ላይ መርፌ ሲተክሉለት ነው ከእጁ አውጥቶ እዚያ ያስቀመጣት። በሃምሳ ሁለት ዓመት ኪስ ለኪስ ብትጠቁርም በሆስፒታል መብራት ሥር ከኔ ከረሜላ ጋር እህትማማች ናቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

"ፍሬዬን አቀብዪኝ።"

ጠረጴዛውን አየሁት። ባዶ ነው፤ አጥርቼ ነው ያጸዳሁት። ቆርቆሮው ውስጥ የመለስኳቸው ሦስት መሆናቸው ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

"መጣሁ" አልኩት።

"የት ነው የምትሄጂው?"

"መጣሁ አልኩህ እኮ!"

ከነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ከግማሽ በላይ ተራቁቷል። ኬንድራ ደግ ሴት ናት። ከረሜላውን በየክፍሉ አዙራለች፤ መብላት ለተፈቀደላቸው ሕመምተኞች፣ ለአስታማሚዎች፣ ለራጅ ክፍል፣ ለደም ምርመራ ክፍል፣ ወለል ለሚያጸዱት። ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስለ አባቴ አልነበረም የደነገጠችው።

"ትዋይላ፣ ያ ነገር እኮ መርዝ ነው!"

የሚቀጥለውን ድምፅ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። የድምፅ ማጉያው ሲር አለና ኬንድራ እንዲህ አለች፦ "ትኩረት እባክዎ። ዛሬ ጠዋት የኦቾሎኒ ቅቤ ከረሜላ የተቀበሉ ሁሉ፣ ከመንከስዎ በፊት በአውራ ጣት ይጫኑ። ከሰመጠ ይብሉ። ካልሰመጠ እባክዎን ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ያምጡ።" ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ሰው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። የራጁ ልጅ አራት ከረሜላ በመዳፉ ይዞ እፊቴ አንድ በአንድ ጫናቸው።

"ሰመጠ። ሰመጠ። ሰመጠ። ይህም ሰመጠ" አለኝና አራቱንም ጎረሳቸው። "እጅሽ ይባረክ፣ ቅቤ ነው።"

አንዲት አሮጊት የተደፈጠጠ ከረሜላ በሶፍት ይዛ መጥታ፣ "የኔ በትንሹ ነው የሰመጠው፣ ልስጥሽ ወይስ ልብላው?" ብላ ጠየቀች። ይብሉት አልኳት። ሌሊት ተነስቼ አንድ በአንድ በጣቴ ጫፍ ያለሰለስኩት ዓይን ሁሉ አውራ ጣት እየገባበት ዓይኔ እያየ ታወረ። የሚያሳፍረው ነገር፣ አባቴ እዚያ ሆኖ እኔ ለከረሜላው ማዘኔ ነው። ግን አዘንኩ።

ወንድሜ ዴልማር በዚህ መሃል ደረሰ። ዴልማር የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"አውቀሽ ነው!" አለኝ።

"ዴልማር፣ አታብድ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ 'ይህን ኩበት ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው' ስትዪው አልነበረም?"

"ኩበት ብዬ አላውቅም። ጠጠር ነው ያልኩት።"

"እሱ ይሻላል?"

"ተሳስቼ ነው አልኩህ። ከረሜላ መስሎኝ ነው።"

"የገዛ አባትሽን ፍሬ ከከረሜላ ሳትለዪ? አንቺ? ሌላ ሰው ቢለኝ አምን ነበር። አንቺ ግን የሰውን ከረሜላ ከመንገድ ማዶ አይተሽ ዓይኑ ተንጋድዷል የምትዪ ሴት ነሽ።"

እውነቱን ነው። ስቀልድ ኖሬ የዛሬው እውነቴ ውሸት እንዲመስል ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

ዴልማር ቆርቆሮው ውስጥ የቀሩትን ስልሳ አንድ ከረሜላዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረና በዚያ በቧንቧ ሠራተኛ አውራ ጣት መጫን ጀመረ። መሞከር አይባልም፤ ጨፈለቃቸው። ፍሬ የለም። ቆሻሻ መጣያዎቹን ፈተሽን። የቆሸሸ አንሶላ የሚሰበሰብበትን ከረጢት ሳይቀር አራገፍን። የለም።

አባቴ ክፍል ስንመለስ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል።

"ተገኘች?" አለ።

"እየፈለግን ነው አባዬ" አለው ዴልማር።

"ያለሷ አልገባም። ብያለሁ።"

"አባዬ፣ ሌላ አመጣልሃለሁ። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፉ አለ።"

"ለቅመህ የምታመጣልኝ? እናትህ የሰጠችኝን በተለቀመ ልቀይር?"

ዴልማር ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

አራት ሰዓት ላይ ዶክተር ራጋቫን መጣ። ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው እሱ ነው። እዚህ ሃያ ዓመት ስለኖረ እንደኛው ነው የሚናገረው፤ በኳሱ ደግሞ ከኛ ብሶ ያብዳል። ወሬውን በማጉያው ሰምቷል።

"ኦሪን፣ ጠፋች የሚሉት እውነት ነው?" አለና ከነጭ ካባው ኪስ አንዲት ፍሬ አወጣ። "አንድ ታካሚዬ ነው የሰጠኝ። ይያዙት።"

አባቴ ሳይነካት ተመለከታት።

"ታካሚው ማን ነበር?"

"ሆባርት ግሪምስ የሚባል።"

"አለ?"

"ባለፈው ሳምንት ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ አገኘሁት።"

አባቴ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ እሺ የሚል መስሎኝ ነበር።

"አይ ዶክተር" አለ። "ቢላዋው ያለው ባንተ እጅ ነው። ዕድሉም እዚያው ባንተ ኪስ ይሁን። ከኔ ይልቅ አንተ ያስፈልግሃል።"

ኬንድራ ሳቀች፣ ዶክተሩም ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ አልገባም ማለቱንም አልተወም። ዶክተር ራጋቫን ከኔና ከዴልማር ጋር ኮሪደር ወጣ።

"ካልፈቀዱ አላስገድዳቸውም" አለን። "የዛሬው ተራ ካለፈ የሚቀጥለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልባቸው ሦስት ሳምንት ይጠብቃል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። እስከ አምስት ሰዓት ክፍሉን አቆይላችኋለሁ።"

ዴልማር ሌላ ምን እንደሚፈትሽ ሳያውቅ ሊፈትሽ ሄደ። እኔ ወደ አባቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ከወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ተነሳሁ።

"አባዬ፣ ፍሬህን ቆርቆሮው ውስጥ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ከረሜላ መስላኝ ነው። ጠልቻት አይደለም። ስቀልድ ብኖርም ጠልቻት አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። አየሁሽ።"

"ተኝተህ ነበር እኮ።"

"ጨፍኜ ነበር። ትንሽ ከፈት አድርጌ።"

ወደ አልጋው ተጠጋሁ።

"ስከታት አይተህ ነው ዝም ያልከው?"

"አዎ።"

"ሰው ቢነክሳትስ?"

"እዚህ አገር ማን ይነክሳታል? ጥርሱ ሳይደርስ ጣቱ ያውቃታል ብዬ ነው።"

"ለምን? ለምንድን ነው ዝም ያልከኝ?"

አባቴ ክንዱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በጥፍሩ ጫፍ ጫፉን ይላጥ ጀመር።

"ፍሬዋ ከሌለች አልገባም ብያለሁ። ስለዚህ ከሄደች አልገባም። አልገባም ስል ደግሞ ማንም 'ፈራ' አይለኝም። 'የድሮ ሰው ነው፣ ግትር ነው' ነው የሚሉኝ። እሱን ለምጄዋለሁ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

"መቶ ሃምሳ ከረሜላ በአውራ ጣት ተደፈጠጠ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ሰማሁ" አለ። "በማጉያው።"

"ዴልማር 'አባቴን ልትገድዪ ነው' የሚል ፊት አሳየኝ! አንተ ትራስ ተደግፈህ!"

"እሱም ልክ አልነበረም" አለ። "አዎ። እሱ ልክ አልነበረም።"

ከዚያ ፕላስተሩን ተወውና እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። እጁ ባዶ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

"ፈርቻለሁ ትዋይላ። ደረቴን በመጋዝ ነው የሚከፍቱት። እናትሽም በዚያው በር ነው የገባችው። የሷ ሌላ በሽታ መሆኑን አውቃለሁ፣ አትንገሪኝ። በሩ ግን ያው ነው።"

አባቴ 'ፈርቻለሁ' ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጎርፍ ጋጣችንን በወሰደብን ዓመት አላለውም። እናቴ ስትሞትም አላለውም። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ሁለት መቶ ከረሜላ የሠራሁትም እጄን የማስገባበት አጥቼ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

"ሁለት መቶ መብዛቱ ገርሞኝ ነበር" አለኝ።

ተነስቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና ሱሪውን አወጣሁ።

"እንካ። ልበስ። ቤት እንሂድ።"

"ምን?"

"ማንም አያስገድድህም፤ ዶክተሩም ብሏል። መኪናዬ ታች ናት። የሚፈረም ካለ እፈርማለሁ፣ ዴልማርንም እኔ እችለዋለሁ።"

የምሬን ነበር። እሱም የምሬን መሆኑን አይቷል። አባቴ ሱሪውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"ቤት ሄጄስ ምን እሠራለሁ?"

"ምሳ ትበላለህ። ከዚያ ትሞታለህ። ዛሬ ላይሆን ይችላል።"

ሱሪውን ጉልበቱ ላይ አቃናው።

"ምሳው ምንድን ነው?"

"የእሑዱ ሾርባ።"

"ባቄላ ያለበት?"

"እሱ።"

አባቴ ሱሪውን ለረዥም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፎ ሰጠኝ።

"መልሺው" አለኝ። "ነርሷንም ጥሪያት።"

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ባለጎማውን አልጋ ገፉት። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ግማሾቹ አሁንም የተደፈጠጠ ከረሜላ ይዘዋል። ዴልማር ቆሻሻ መጣያ ሲፈትሽ የዋለ እጁን በሱሪው እየጠረገ ሮጦ መጣ።

"ተገኘች?"

"አልተገኘችም" አለው አባቴ። "ኬንድራ፣ አንድ ጊዜ አቁሚልኝ።"

ኬንድራ አልጋውን አቆመች።

"ዴልማር፣ እህትህ ተሳስታ ነው። ስትከታት እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ላለመግባት ነው። ፈርቼ ነው።" ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ጆሮው ስለሚከብደው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። "አሁንም እንደፈራሁ ነው። ግን እየገባሁ ነው። እህትህን ይቅርታ ጠይቃት።"

ዴልማር ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ግንባር ሳመ። በኛ ቤት ወንድ ወንድን አይስምም፤ አባቴም ምን እንደሚል ስላላወቀ "እጅህን ታጠብ" አለው። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ፣ ተዘጋ።

ዴልማር መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ታጥቧል። ከዚያ "ኩበት አላልሽም። ጠጠር ነው ያልሽው" አለኝ። የዴልማር ይቅርታ እንዲህ ነው፤ ተቀበልኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ከወዲያኛው ጫፍ ክፍል አንድ ሽማግሌ በዘንግ እየተደገፈ መጣ። ቨርጂል ይባላል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለምርመራ አውልቀውበታል፤ ጆሮውም አይሰማም፣ ማጉያውንም አልሰማም። ከአፉ አንዲት ጥቁር ነገር አወጣና በመሐረብ ጠርጎ ዘረጋልኝ።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው አሉኝ" አለ። "አትቀየሚኝ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ እየመጠጥኩት ነው፣ ሊሟሟ አልቻለም። ቸኮሌትሽ ትንሽ ጠንክሯል።"

ኬንድራ ሽማግሌውን ይዛ ሮጠች። ሁለት ሊትር ውሃ አጠጥተው እስከ ማታ ድረስ ጠበቁት። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ጉልበቱ ቀለል እንዳለው ተናገረ። ፍሬዋን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኳት።

ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ዶክተር ራጋቫን ቆቡን እያወለቀ ወጣ። አዲሱ በር በደንብ ይከፈታል፣ በደንብም ይዘጋል አለን። ዴልማር ተነስቶ ሊጨብጠው ሄደና በመሃል አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ብቻ እንዲገባ ፈቀዱ። ዴልማር "አንቺ ግቢ" አለኝ። አባቴ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አለ፤ መናገር አይችልም፤ ዓይኑ ግን ተከፍቷል። አጠገቡ ያለው ማሽን ይተነፍስለታል። ፍሬዋን አሳየሁትና መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አያትና ወደ ጎን አንሶላው ላይ ተዋት። በጣቱ አየሩ ላይ ጻፈ። እስክሪብቶ ማለቱ ነው።

ወረቀት በካርቶን ላይ አድርጌ ያዝኩለት። ለአንድ መስመር ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የምጠብቀው ስለ ዴልማር ወይም ስለ ሾርባው ነበር። ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዞርኩት።

"አሁንም እፈራለሁ። አትሂጂ" ይላል።

ካፖርቴን አወለቅሁና ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቼ ተቀመጥኩ።